ግራና ቀኝ፦ የድምፅ መጠንና የሁለት ጆሮ ሚዛን ታሪክ

በጠዋት ኪርያት አርዬ ጣቢያ ላይ ከራኬቬት ወርደው ወደ ቀዩ መስመር የሚሻገሩ ወጣቶችን ብታዩ፣ ኦዝኒዮት ያላደረገ ጥቂት ነው። አንዱ የዕብራይስጥ ራፕ ይሰማል፣ ሌላዋ የጥላሁን ገሠሠን የድሮ ዘፈን፣ ሦስተኛው ለፈተና የሚያጠናውን ትምህርት። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ሁሉም አንድ ነገር ያደርጋል፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ይህ ጽሑፍ የዚያችን ትንሽ የጣት እንቅስቃሴ ታሪክ ይመለከታል። ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ የግራውንና የቀኙን ጆሮ ድምፅ እኩል ማድረግ ከየት መጣ? ዛሬም ጥሩ የሚባል የኪስ ማጉያ ድምፁ ዝቅ ሲል ለምን ለአንድ ጆሮ ያዳላል? ይህ ሁሉ ደግሞ እኛን፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችን፣ ምን ያገባናል?

መልሱን አስቀድመን እንናገር። የሚዛን ጉድለት ራሱን የሚያሳየው ድምፁ ዝቅ ሲል ነው። ከፍ ስታደርጉት ይሸፈናል። ሰው ግን ጉድለቱን ከማስተካከል ይልቅ ከፍ አድርጎ ይገላገላል፤ ዋጋውን ጆሮው ይከፍላል። ሌላም ነገር አለ። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጡት ድምፆች፣ አያቶቻችን በካሴት ላይ የተዉልን፣ ዝቅ ያሉ ድምፆች ናቸው። እነሱን በትክክል ለመስማትና ለማስቀመጥ ሚዛን ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቦታው ጥቂት

ኪርያት አርዬ የፔታህ ቲክቫ የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከአርዬ ሼንካር፣ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካና የአምራቾች ማኅበር መሪ ከነበረው ሰው ነው። ዛሬ የመሥሪያ ቤት ፎቆች በዝተውበታል፤ የባቡር ጣቢያ አለው፤ ነሐሴ 2023 ሥራ የጀመረው ቀዩ መስመርም የባቡሮቹ ማደሪያና ጥገና ቦታ እዚያ ነው። ፔታህ ቲክቫ የእኛ ማኅበረሰብ በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ስለሆነች፣ በዚያ ጣቢያ አማርኛና ዕብራይስጥ እየቀላቀለ የሚያወራ ወጣት መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። በሰፈሩ ፋብሪካዎች ከማሽን ጩኸት ጋር የዋሉ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ድምፅ በኪሳቸው ይዘው ያልፋሉ። ወደዚህ ቦታ በኋላ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ቮልዩም የሚባል ነገር ወዳልነበረበት ዘመን እንሂድ።

ቮልዩም ሳይኖር

ከኢትዮጵያ ዘፋኞች ድምፁ መጀመሪያ በሸክላ ከተቀረፀው መካከል ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስሙ ይነሣል። የተቀረፀው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ነው። በዚያን ዘመን ሸክላ የሚቀረፀው በማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰሙ ላይ ይጽፋል። ድምፅ ለመቀነስ ዘፋኙ ወደ ኋላ ይላል፤ ለመጨመር ወደ ፊት ይጠጋል። የድምፅ መጠን ማለት ርቀት ማለት ነበር።

የሚሰማውም ሰው እንዲሁ ነበር። የግራሞፎን ባለቤት የሚያዞረው ቁልፍ አልነበረውም። ወፍራም መርፌ ሲያደርግ ድምፁ ይጎላል፣ ቀጭን ሲያደርግ ይለሰልሳል። የሳጥኑን በር መክፈትና መዝጋት፣ መለከቱ ውስጥ ጨርቅ መወተፍ፣ ይኼ ነበር ቮልዩሙ።

ግራና ቀኝ ግን ከማሽን በፊትም ነበሩ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ይቆማሉ። የቀኙን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። በቤተ እስራኤል ጸሎትም ቄሶቹ በግዕዝ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ቃሉን ሳይጨርስ ሌላው ይደርብበታል። ይህን ጸሎት አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ በ1973 ጎንደር አካባቢ፣ አምቦበር ሄዳ አጥንታለች። በ1986 ደግሞ ስምሃ አሮምና ባልደረቦቹ እዚህ እስራኤል ውስጥ ቀርፀውታል።

ስምሃ አሮም ለዚህ ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። ቀድሞ በኢየሩሳሌም የሬዲዮ ኦርኬስትራ ውስጥ ቀንድ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። በ1963 ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሄደ። እዚያ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚጫወተውን ሙዚቃ ነጣጥሎ ለመስማት ሲቸገር አንድ ዘዴ አበጀ። መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀርፃል። ከዚያ ለአንድ ተጫዋች የጆሮ ማዳመጫ አድርጎለት የቀረፀውን ያሰማዋል፤ ተጫዋቹ እየሰማ የራሱን ድርሻ ብቻ ይጫወታል። በሁለተኛው ማሽን ላይ አንዱ ቻነል የፊተኛውን ቅጂ፣ ሌላው ቻነል የዚያን ሰው ድምፅ ብቻ ይይዛል። ግራና ቀኝ ቻነል ለመዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ድምፅ ከጓደኛው ለይቶ ለማክበርም ያገለግላል።

ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ቻነል

ስቴሪዮን በወረቀት ላይ ያሰፈረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብላምላይን ነው። እንደሚነገረው ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ፣ ተዋናዩ በመጋረጃው አንድ ጥግ ቆሞ ድምፁ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ቅር አሰኘው። በታኅሣሥ 1931 የፈጠራ መብት ጥያቄ አስገባ። ሐሳቡ ግን ከ25 ዓመት በላይ ጠበቀ፤ የስቴሪዮ ሸክላ በሰፊው ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጆን ኮስ ለሙዚቃ ማዳመጫ የተሠራውን የመጀመሪያ የስቴሪዮ ኦዝኒዮት አወጣ።

እዚህ ላይ አዲስ ችግር ተወለደ። ሞኖ በሚባለው በአንድ ቻነል ዘመን ድምፁ አንድ ስለሆነ የሚያዳላበት የለም። ሁለት ሲሆን ግን ሁለቱ መመዛዘን አለባቸው። የሰው ጆሮ በዚህ ነገር ላይ እጅግ ቀናተኛ ነው። በግራና በቀኝ መካከል 1 ዴሲቤል የምታህል ልዩነት ብትኖር፣ መሐል መቆም የነበረበት ዘፋኝ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። 3 ዴሲቤል ከሆነ ማንም ሰው ያውቀዋል።

በ1960ዎቹ የወጡ የቤት ማጉያዎች ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። ከቮልዩሙ አጠገብ ሚዛን የሚባል ሌላ ቁልፍ ነበር፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እያዞሩ ማስተካከል ነው። በኋላ መሣሪያዎቹ እያነሱ ሲሄዱ ቦታ ጠፋና ቁልፉ ከብዙዎቹ ላይ ተነሣ።

በአዲስ አበባ ወርቃማ የሚባለው የዘፈን ዘመን ከዚህ ጊዜ ጋር ይገጥማል። አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን በ1969 መሠረተ። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሥራውን በ1972 ኒውዮርክ ቀረፀ። ይህ ሸክላ በ2017 እንደገና ሲታተም የስቴሪዮው ብቻ ሳይሆን የሞኖው ቅንብርም አብሮ ወጥቷል። ሁለቱን አከታትላችሁ በኦዝኒዮት ስሙ። በሞኖው መሣሪያዎቹ ሁሉ በጭንቅላታችሁ መሐል ይቆማሉ፤ በስቴሪዮው ይበተናሉ። የድሮ ስቴሪዮ አንዱን መሣሪያ ጨርሶ ግራ፣ ሌላውን ጨርሶ ቀኝ ማድረግ ይወድ ስለነበር በኦዝኒዮት ሲሰማ ያደክማል። በድምፅ ማጉያ ሳጥን ስንሰማ ሁለቱም ጆሮ ሁለቱንም ሳጥን ይሰማል፤ በኦዝኒዮት ግን ይህ መቀላቀል የለም። ቤን ባወር የተባለ መሐንዲስ በ1961 ከአንዱ ቻነል ጥቂት ወደ ሌላው የሚያሻግር ዑደት ሐሳብ ያቀረበው ለዚህ ነበር።

የካርቦን ጎዳናው

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ እንግባ። በኢትዮጵያ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞች ቮልዩም ብለው የሚጠሩት ዕቃ ትምህርታዊ ስሙ ፖቴንሺዮሜትር ነው። ውስጡ ቀላል ነው። የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው የካርቦን ቅብ አለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ይንሸራተታል። ምላሱ የቆመበት ቦታ ከድምፁ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ ይወስናል። ከዘመን ብዛት አቧራ ሲገባበት ስታዞሩት ይንኮሻኮሻል፤ ያ ድምፅ የምላሱና የካርቦኑ ጠብ ነው።

ጆሮ ደግሞ እንደ ሜትር አይቆጥርም። የድምፁ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ለእኛ የተጨመረው ጥቂት ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንድንል 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ የድምፅ ቮልዩም ካርቦኑ በእኩል አይቀባም። ቁልፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከጠቅላላው የሚያልፈው ከመቶ 10 ወይም 15 እጅ ብቻ ነው። ይህን ጎበጥ ያለ መስመር በርካሽ ለማግኘት ፋብሪካዎች ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት የካርቦን ቀለም አከታትለው ያትማሉ።

ለስቴሪዮ ሁለት እንዲህ ዓይነት ቮልዩሞች በአንድ ዘንግ ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ጣታችሁ አንድ ቁልፍ ያዞራል፣ ውስጥ ግን ሁለት ምላሶች በሁለት ጎዳና ይሄዳሉ። ሁለቱ ጎዳናዎች ፍጹም መንታ አይደሉም። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ቮልዩሙ በጠቅላላው 10,000 ኦም ነው እንበል። ምላሱ ከታችኛው ጫፍ 1,000 ኦም ላይ ሲደርስ አንዱ ቻነል 1,000፣ ሌላው 1,004 ቢሆን ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል ሃያኛ እጅ ያንሳል፤ ማንም አይሰማውም። ቁልፉን በጣም ዝቅ ስታደርጉት ግን አንዱ 10 ኦም፣ ሌላው 14 ኦም ላይ ይቆማል። የሁለቱም ጊዜ ስሕተት ያው 4 ኦም ነው። ሁለተኛው ግን ወደ 3 ዴሲቤል ልዩነት ይሆናል፤ ዘፋኙ ወደ አንድ ጆሯችሁ ሄዶ ይጠጋል። ስሕተቱ አላደገም፤ የሚለካበት ነገር ነው ያነሰው። አንድ ብር ከመቶ ብር ላይ ቢጎድል አይቆጠርም፣ ከሦስት ብር ላይ ቢጎድል ግን ዳቦ ያሳጣል።

አልፕስ የተባለውና በ1948 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተው ኩባንያ በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀ ነው። ውድ የሆነው ቮልዩሙ ትልቅ ስለሆነ ጎዳናው ረጅም ነው፤ ረጅም ጎዳና ደግሞ በትክክል ለመታተም ይመቻል። ኪስ ውስጥ ለሚገባ ማጉያ ግን ያ ዕቃ አይመጥንም። ሠሪው ትንሹን ይወስዳል፣ ከትንሹም ጋር ስሕተቱን ይቀበላል። የኪስ ማጉያ ችግር ከቤት ማጉያ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ካሴትና ዎክማን

ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። የክሩ ስፋት 3.81 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ከሁሉም የሚያስደንቀው የአቀማመጡ ብልሃት ነው። በአንድ ገጽ ላይ የሞኖ ቅጂ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል። ስቴሪዮው በዚያው ስፋት ውስጥ ሁለት ቀጫጭን መስመር ጎን ለጎን ያስገባል፣ እያንዳንዱ 0.6 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የሞኖ ቴፕ የስቴሪዮ ካሴት ሲያነብ ሁለቱንም ደምሮ ይሰማል፤ የስቴሪዮ ቴፕ የሞኖ ካሴት ሲያነብ ደግሞ ያንኑ ድምፅ በሁለቱም ቻነል ያገኛል። ድሀና ሀብታም አንድ ካሴት መዋዋስ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ጭፈራ አዳከመው። ሸክላውም እየቀረ ካሴት ቦታውን ያዘ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ የቀረፀው ሥራ የወጣው በካሴት ነው። በ2013 ከዓለም ጋር እንደገና የተዋወቀው አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን ካገኘው በኋላ ነው።

በዚሁ ዘመን፣ በሐምሌ 1979፣ ሶኒ ዎክማንን ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ አቀረበ። ዋጋው 33,000 የን ነበር። የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ነገር ነበረው፣ በኋላ የተረሳ። አንደኛ፣ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ሁለት የኦዝኒዮት መሰኪያ። ሁለተኛ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ የሚንሸራተቱ ሁለት የቮልዩም መቆጣጠሪያዎች። ሚዛኑ በሰሚው እጅ ነበር፤ አንዱ ጆሯችሁ ደከም ካለ ያንን ጎን ትገፉታላችሁ። በኋላ የመጡ ሞዴሎች ይህን ወደ አንድ መዘውር ጠቅልለውታል። ቅለት ተገኘ፣ ሚዛን ግን ለፋብሪካው ተተወ።

የኪስ ማጉያ ለምን አስፈለገ?

ዎክማንና ከእሱ በኋላ የመጡት የሲዲ ማጫወቻዎች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ጉልበታቸው አነስተኛ ነበር። ትልልቅ ኦዝኒዮት ስትሰኩባቸው ይደክማሉ። በ1992 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ሄድሩም በጉዞ ላይ የሚያዝ የኦዝኒዮት ማጉያ በመሥራት ታወቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቹ ሞይ የተባለ ሰው ማንም በቤቱ ሊሠራው የሚችል፣ በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ንድፍ አወጣ። ሰዎች የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ እየከተቱ በየአገሩ ሠሩት።

በ2011 ደግሞ እስከ ዛሬ ስሙን ያልገለጸ አንድ መሐንዲስ ኦብጀክቲቭ 2 የተባለ ማጉያ ንድፍ ከነልኬቱ በነፃ ለሁሉም ሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱ ራሱ ድምፁን አጠፋ። ትቶት የሄደው ትምህርት ግን ለዛሬው ርዕሳችን ቁልፍ ነው። ማጉያ የሚያበዛበት ልክ አለው። ኦብጀክቲቭ 2 በአንድ ማብሪያ 2.5 ጊዜ ወይም 6.5 ጊዜ ያበዛል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ኦዝኒዮት በጣም ጥቂት ጉልበት ይበቃዋል። በ6.5 ካበዛችሁት፣ ለጆሮ ምቹ የሆነው ድምፅ ቁልፉ ገና ከመነሻው ንቅንቅ እንዳለ ይደርሳል። ያ ቦታ ሁለቱ ምላሶች የሚጣሉበት ቦታ ነው። ማብዣውን ብትቀንሱ ግን ያንኑ ድምፅ ለማግኘት ቁልፉን ወደ መሐል ታወጡታላችሁ። ከ6.5 ወደ 1 ብትወርዱ 16 ዴሲቤል ያህል ከፍ ወዳለ የቁልፍ ቦታ ትሄዳላችሁ። ድምፁ ያው ነው፣ ሚዛኑ ግን ይስተካከላል።

ብዙ ሰው ይህን በተቃራኒው ይገዛዋል። «ኃይለኛ ማጉያ ስጠኝ» ይላል። ኃይለኛው በዝቅታ የሚያዳላ ይሆንበታል፤ እሱም ከፍ ያደርገዋል፤ ሚዛኑ ሲስተካከል «አሁን ጥሩ ሆነ» ይላል።

ቁልፉ ቁጥር ሲሆን

ዛሬ በስልካችሁና በገመድ አልባ ኦዝኒዮታችሁ ውስጥ የካርቦን ጎዳና የለም። አንዳንድ ማጉያዎች በቺፕ ውስጥ በጥንቃቄ የተለኩ ደረጃዎች አሏቸው፤ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዴሲቤል አሥረኛ እጅ ያንሳል። ሌሎቹ ድምፁን በቁጥር ያባዙታል። ቁጥር ለማንም አያዳላም። መጀመሪያ ላይ ግን ይህም ዋጋ ነበረው፤ በ16 ቢት ድምፅ ላይ 6 ዴሲቤል በቀነሳችሁ ቁጥር አንድ ቢት ታጣላችሁ። ዛሬ በ24ና በ32 ቢት የሚሠሩ መሣሪያዎች ይህን ከጭንቀት አውጥተውታል።

ቮልዩሙ ግን ሙዚቃው ውስጥም ገባ። በ1992 ጊላድ ኬረንና ሜኢር ሻአሹአ የመሠረቱት የእስራኤሉ ኩባንያ ዌቭስ በ1994 የድምፅን ጫፎች የሚያስተካክል ኤል1 የተባለ ፕሮግራም አወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኖች እየጮሁ የመውጣት ውድድራቸው በረታ። ዌቭስ በ2011 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት አግኝቷል። እዚህ አገር የተጻፈ ኮድ ዓለም ሙዚቃን የሚሰማበትን መጠን ቀይሯል ማለት ነው። የድሮ ሸክላ ዘፈን ከአዲስ ራፕ ቀጥሎ ሲመጣ ድምፁ የሚያንሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ጣታችሁ ለጥላሁን ከፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ጆሯችሁን ይመታል።

የጆሮው ሒሳብ

እንግዲህ ወደ ኪርያት አርዬ ባቡር እንመለስ። ባቡሩ ሲጮህ ሙዚቃውን ከጩኸቱ በላይ ታደርጋላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ባወጣው መለኪያ፣ ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቀዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 83 ከሆነ 20 ሰዓት፣ 86 ከሆነ 10፣ 89 ከሆነ 5 ሰዓት ብቻ። ጠዋትና ማታ እየሄዳችሁ ስትሰሙ የሳምንቱ ድርሻችሁ ሳታስቡት ሊያልቅ ይችላል። ጆሮን የሚዘጋ ኦዝኒዮት ወይም የውጭ ጩኸት የሚቀንስ ዓይነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ እንድትሰሙ ያስችላችኋል።

ድምፁ ለአንድ ጆሮ ሲያዳላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጉና ኦዝኒዮቱን ገልብጣችሁ፣ የግራውን በቀኝ አድርጉት። ድክመቱ ወደ ሌላው ጆሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ምናልባት ወንፊቱ በጆሮ ኩክ ተደፍኖ ይሆናል። ድክመቱ በዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ግን ጉዳዩ የጆሮ ነው፤ ኩፓት ሖሊም ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ ጠይቁ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለወላጆችና ለአያቶችም ይኸው ነው። በፋብሪካ ጩኸት ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው ሁለቱ ጆሮዎቹ እኩል ላይሰሙ ይችላሉ። በስልክ ውስጥ ነጊሹት በሚለው ክፍል ግራና ቀኝን የሚያስተካክል መስመርና ሁሉንም ወደ ሞኖ የሚለውጥ ማብሪያ አለ። ያ የ1979ኙ ዎክማን ሁለት መቆጣጠሪያ ተደብቆ እዚያ ይኖራል። አባባ «ይኼ ነገር አይሰማኝም» ሲሉ ድምፁን ብቻ ከፍ አታድርጉላቸው፤ ሚዛኑንም እዩላቸው።

መሳቢያ ውስጥ ያሉት ካሴቶች

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን፣ ብዙ ቤተሰብ ተለያይቶ ቀረ። በሰለሞን ጊዜ የመጡት ብዙዎቹ ከለበሱት በቀር ዕቃ አልያዙም። ከዚያ በኋላ ግን በፖስታና በመንገደኛ እጅ ካሴት ይመላለስ ነበር። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ወላጆች ደብዳቤያቸውን ተናገሩት። ሰላምታው ይረዝማል፣ የጎረቤቱ ስም ሁሉ ይጠራል፣ ማን እንደወለደና ማን እንደሞተ ይነገራል። ብዙ ቤት ዛሬም እነዚህ ካሴቶች ከአልበም ሥር አሉ፤ የሚያጫውታቸው ቴፕ ግን የለም።

እነዚህ ቅጂዎች የተሠሩት በትንሽ ሞኖ ቴፕ ነው። እንዲህ ያለ ቴፕ ብዙ ጊዜ ሲቀዳ ቮልዩሙን ራሱ ያዞራል፤ ተናጋሪው ሲጮህ ይቀንሳል፣ ዝም ሲል ይጨምራል። ለዚህ ነው በዓረፍተ ነገሮች መካከል ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ብቅ የሚለው፤ ከዚያም ዶሮ፣ ዝናብ፣ የልጅ ለቅሶ ይሰማል። ማሽኑ ዝምታውን ሲያጎላ ቤቱን ቀርፆታል። ድምፅ በሚያጠራ ፕሮግራም ያንን ሁሉ ከጠረጋችሁት አያታችሁ የተናገሩበትን ግቢ አብራችሁ ትጠርጋላችሁ። ማጥራት ካስፈለገ በተለየ ቅጂ ላይ ይሁን፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ።

ስትገለብጡ የሚከተለውን አድርጉ። አስቀድማችሁ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ በስሕተት በላዩ እንዳይቀዳ። የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ፤ ግማሹ የቆሸሸ ሄድ አንዱን ቻነል ያደክማል። ከዚያ በስቴሪዮ ቴፕ አጫውታችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦዝኒዮት ስሙ። የሞኖ ካሴት ስለሆነ ድምፁ ልክ መሐል መቆም አለበት። ወደ ጎን ከሄደ ወይም ፉጨት ቃላቱ ከደበዘዙ ሄዱ በትክክል አልቆመም ማለት ነው፤ የሚያውቅ ሰው በትንሽ ብሎን ያስተካክለዋል። ሁለቱን ቻነል ለየብቻ በ24 ቢት አስቀምጡ። ወዲያው አትደምሯቸው፤ ሄዱ ዘንበል ካለ ሁለቱ ሲደመሩ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» የሚሉት ድምፆች ይጠፋሉ። የተሻለውን አንዱን ቻነል መምረጥ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የቀረፃውን መጠን ከጫፉ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉት፤ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ የተቆረጠ ድምፅ ግን አይመለስም።

በኢየሩሳሌም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ1964 ጀምሮ ያለ የድምፅ ቤተ መዛግብት አለ፤ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቅጂዎችም አሉበት። የቄሶቹ ድምፅ እዚያ በክብር ተቀምጧል። የእናንተ አያት በካሴት ላይ ለእህታቸው የተናገሩት ግን እዚያ የለም፤ ያለው እናንተ ቤት ነው። በፋይሉ ስም ላይ ማን እንደሚናገር፣ ለማን፣ ከየት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ዛሬ አጠገባችሁ ካለ፣ አንዱን ጆሮ ለእሳቸው ሰጥታችሁ አብራችሁ ስሙት፤ የማታውቁትን ስም ሲጠሩ አቁሙና ጠይቁ።